በአሜሪካ ጦር ውስጥ መጥፎ የቅርብ አለቃ፦ ወንድሜ በየትኛው በር ይግባ?

አባይ_ማዶ

ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ የአሜሪካ ምድር ጦር ውስጥ ነው። አክቲቭ ዲውቲ (የሙሉ ጊዜ ወታደር)፣ ማዕረጉ ስፔሻሊስት (ከሳርጀንት በታች)፣ ሥራው የከባድ መኪና ሹፌር። ቤዙንና ክፍሉን አልጠቅስም። ችግሩ ስኳድ ሊደሩ (የቅርብ አለቃው) ነው። አንድ ቀን ፎርሜሽን (የሰልፍ ጥሪ) ላይ ስላረፈደ ሦስት ቅዳሜና እሁድ ሞተር ፑል (የመኪና ማቆሚያና መጠገኛ) እንዲያጸዳ አደረገው። ለጉልበቱ ሐኪም የጻፈለት ፕሮፋይል (የእንቅስቃሴ ገደብ ወረቀት) እያለ «ሰበብ ነው» ብሎ ያስሮጠዋል። የካውንስሊንግ ወረቀት (ስለ ጥፋት የተሰጠ ምክር የሚመዘገብበት) ያቀርብና እንዲያነብ ጊዜ ሳይሰጠው «ፈርም» ይለዋል። በዚያ ላይ አነጋገሩን በሰው ፊት እየቀዳ ያስቅበታል። ፕላቱን ሳርጀንቱ (የስኳድ ሊደሩ አለቃ) ሲነገረው «ቻለው፣ በቅርቡ ይቀየራል» ብሎ ያልፋል።

ልጁ «ብናገር ይብስብኛል» ብሎ ዝም ብሏል። ሥርዓቱን የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ፦ ከየት ይጀምር? አይጂ (ኢንስፔክተር ጄኔራል፣ አቤቱታ የሚያጣራው ቢሮ) ጋ ቢሄድ ዞሮ በእሱ ላይ ይመጣል የሚባለው እውነት ነው? ፈጽሞ ማድረግ የሌለበትስ ምንድን ነው?


የመቶው

ሰላም አባይ ማዶ። መጀመሪያ ነገሩን ለሁለት ክፈለው። አለቃ መጥፎ መሆኑና አለቃ ደንብ መጣሱ መንገዳቸው ይለያያል። ጦሩ ራሱ በ2019 ባወጣው የአመራር መመሪያ፣ ኤዲፒ 6-22 በሚባለው፣ ጎጂ አመራርን በአምስት መድቦታል፦ ሰውን ማዋረድና ማንገላታት፣ የራስን ጥቅም ማስቀደም፣ አንድ አቋም ላይ አለመርጋት፣ የችሎታ ማነስ፣ ሙስና። ይህ ለመነጋገሪያ ይጠቅማል። ቢሮ ሲገባ ግን «አለቃዬ ጎጂ ነው» የሚል አቤቱታ የትም አይደርስም። የሚያስኬደው «በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ ይህ ደንብ ተጣሰ» የሚለው ነው።

የሞተር ፑሉን ነገር እንይ። ኤአር 600-20 የሚባለው የጦሩ ደንብ እንደሚለው የማረሚያ ሥልጠና ከተገኘው ጉድለት ጋር በቀጥታ መያያዝ አለበት፤ ጉድለቱ ሲስተካከልም ይቆማል። ላረፈደ ወታደር የሚያያዘው፣ ለምሳሌ፣ ለተወሰኑ ቀናት ከፎርሜሽን ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ሙሉ ዩኒፎርም ለብሶ ሪፖርት ማድረግ ነው። ወለል መጥረግ ከሰዓት ማክበር ጋር ምንም አያገናኘውም። ይህ ቅጣት ነው፤ ኤክስትራ ዲውቲ (ተጨማሪ ሥራ) የሚባለውን ቅጣት ደግሞ ስኳድ ሊደር በራሱ ሊሰጥ አይችልም፣ በአርቲክል 15 (በወታደራዊ ሕጉ አዛዥ ያለ ፍርድ ቤት በሚቀጣበት አንቀጽ) አዛዥ ነው የሚሰጠው። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፦ ማረሚያ ከሥራ ሰዓት ውጭ ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ «ቅዳሜዬን ወሰደብኝ» ብሎ መከራከር ያሸንፋል ብላችሁ አታስቡ። ክርክሩ «ሥራው ከጥፋቴ ጋር አይያያዝም፣ ማብቂያውም አልተነገረኝም» መሆን አለበት። ብዙ ልጆች ትክክለኛ አቤቱታ ይዘው የሚሸነፉት እዚህ ላይ ነው።

ካውንስሊንግ፦ ፎርሙ ዲኤ 4856 ነው። መጨረሻው አካባቢ «እስማማለሁ» እና «አልስማማም» የሚል ምርጫ አለ፣ ከሥሩ የወታደሩ አስተያየት የሚጻፍበት ቦታ አለ። መፈረም ማለት «አይቼዋለሁ» ማለት እንጂ ጥፋቱን ማመን አይደለም። ስለዚህ አልፈርምም ብሎ መጋጨት አያስፈልግም። «አልስማማም» የሚለውን ይምረጥ፣ በዚያው ቦታ ሁለት ሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፦ «ያረፈድኩት በዚህ ቀን 10 ደቂቃ ነው። ከዚያ በፊት አርፍጄ አላውቅም። የታዘዘው ጽዳት ከማረፈድ ጋር አይያያዝም።» ስድብም ልመናም አይኑርበት። ጊዜ ካስፈለገው «ሳርጀንት፣ አንብቤ አስተያየቴን ጽፌ ዛሬ እመልሳለሁ» ይበል። ኮፒ ይጠይቅ። አገራችን ላይ ትልቅ ሰው ፊት ወረቀት ማገላበጥ ነውር ይመስለናል። እዚያ ግን ሳያነብ የፈረመ ሰው «ምክር ተሰጥቶት ያልታረመ» ተብሎ ይመዘገባል፣ እነዚያ ወረቀቶችም ሲጠራቀሙ ከጦሩ ለማሰናበት መነሻ ይሆናሉ።

እግረ መንገዴን ሌላም ልጨምር። እኛ አለቃ ሲቆጣ ዓይናችንን እንሰብራለን፣ ያልገባንንም «እሺ» እንላለን። ለእነሱ የመጀመሪያው መደበቅ ይመስላቸዋል። ሁለተኛው ደግሞ ትእዛዙ ገብቶሃል ማለት ስለሆነ በኋላ «አልገባኝም ነበር» ማለት አይቻልም። ለሳርጀንት በፓሬድ ሬስት (እግር ከፍቶ፣ እጅ ወደ ኋላ) ቆሞ፣ ለመኮንን በአቴንሽን (በተጠንቀቅ) ቆሞ፣ ቀጥ ብሎ እያየ ትእዛዙን በራሱ ቃል ይድገመው። ብዙ ግጭት በዚህ ብቻ ይበርዳል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ስኳድ ሊደሩን ለብቻው ማነጋገር፤ ካልሆነ ፕላቱን ሳርጀንት፤ ካልሆነ ፈርስት ሳርጀንት (የካምፓኒው ዋና ሳርጀንት)፤ ከዚያ የካምፓኒው (የሻምበሉ) አዛዥ። አዛዡ ኦፕን ዶር ፖሊሲ (ወታደር በቀጥታ አዛዡን የሚያነጋግርበት አሠራር) እንዲኖረው ደንቡ ያስገድደዋል፣ ብዙውን ጊዜ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ይገኛል፤ ሄዶ ያንብበው። ፈርስት ሳርጀንቱን «የአዛዡን ኦፕን ዶር መጠቀም እፈልጋለሁ» ይበል። ስኳድ ሊደሩ «ስለ ምን?» ብሎ ቢያፋጥጠው «የግል ጉዳይ ነው ሳርጀንት» በቂ መልስ ነው።

አዛዡ ቢሮ ሲገባ አንድ ገጽ ይዞ ይግባ። ላይኛው ግማሽ ላይ የሆነው ነገር በቀን ተራ፣ ታችኛው ግማሽ ላይ የሚፈልገው መፍትሔ። መፍትሔ ያልያዘ አቤቱታ «እሺ አየዋለሁ» ተብሎ ይቀራል። የእሱ መፍትሔ ለምሳሌ፦ ፕሮፋይሌ ይከበር፣ የቀረው ጽዳት ይቁም፣ ወደ ሌላ ስኳድ ልዛወር። በካምፓኒ ውስጥ ከስኳድ ወደ ስኳድ ማዛወር ለአዛዡና ለፈርስት ሳርጀንቱ ቀላል ነገር ነው። ደፍሮ የጠየቀ ብዙ ጊዜ ያገኘዋል።


ፍሬሕይወት_68ዊስኪ

የመቶው ያለውን እደግፋለሁ፣ እኔ የጤናውን ልያዝ፤ ከሁሉም አጣዳፊ እሱ ስለሆነ። ጉልበት ከተበላሸ አለቃው ተቀይሮ ሄዶም እሱ ከጉዳቱ ጋር ይቀራል።

ፕሮፋይል የሚጻፈው ዲኤ 3349 ላይ ነው፣ ወደ ኢ-ፕሮፋይልም ይገባል፣ አዛዡ በኮምፒውተሩ ያየዋል። የሚያሻሽለው ወይም የሚያነሣው የሕክምና ባለሙያ ብቻ ነው። አዛዡ ካልተስማማ እንደገና እንዲታይ ሊጠይቅ ይችላል፤ ስኳድ ሊደር ግን «ይሄ አይሠራም» ለማለት ምንም ሥልጣን የለውም።

ወንድምህ የፕሮፋይሉን ኮፒ ሁልጊዜ ኪሱ ውስጥ ይያዝ። ወረቀቱ ምን እንደሚከለክልና ምን እንደሚፈቅድ ለይቶ ይወቅ፤ ብዙዎች «ፕሮፋይል አለኝ» ብለው ከፒቲ (ከአካል ብቃት ሥልጠና) ሙሉ በሙሉ ይቀራሉ፣ ወረቀቱ የከለከለው ሩጫን ብቻ ሆኖ ብስክሌትና ዋና ፈቅዶ እያለ። ያኔ ጥፋተኛ የሚሆነው ወታደሩ ነው። ሩጫ ሲታዘዝ ይህን ይበል፦ «ሳርጀንት፣ ፕሮፋይሌ ሩጫ ይከለክላል፣ ብስክሌት ይፈቅዳል፣ ብስክሌቱን ልሥራ?» ትእዛዝ አልቀበልም አላለም፣ የተፈቀደለትን አቀረበ። አሁንም ሩጥ ከተባለ ፕላቱን ሳርጀንቱን ወይም ፈርስት ሳርጀንቱን እዚያው ያነጋግር። ሮጦ ከታመመ በዚያው ቀን ሲክ ኮል (የወታደሮች የሕክምና ሰዓት) ይሂድና ለሐኪሙ «ፕሮፋይል እያለኝ እንድሮጥ ታዝዤ ነው» ብሎ በግልጽ ይናገር። ሐኪሙ መዝገብ ላይ ያሰፍረዋል። ከዚያ የተሻለ ማስረጃ የለም፣ ምክንያቱም ቀኑንም ሰዓቱንም ጉዳቱንም ሦስተኛ ሰው ጽፎታል። ሐኪሙ ደግሞ ለአዛዡ ደውሎ ማነጋገር ይችላል፤ ይህን እንዲያደርግለት ይጠይቀው።

ስለ መንፈሱም ጠይቁት። ዝም ማለቱን ስትጽፍ አሳስቦኛል። ቻፕሊን (የጦሩ የሃይማኖት አገልጋይ) ጋ የሚነገረው ነገር ከቻፕሊኑ አይወጣም፣ ለአዛዡም አይነገርም፤ ለማውራት አማኝ መሆን አያስፈልግም። ብራንደን አክት የሚባለው ሕግ ደግሞ ከ2023 ጀምሮ ሥራ ላይ ነው፦ ወታደር ማዕረጉ ከኢ-5 (ከሳርጀንት) በላይ ለሆነ አለቃ «የአእምሮ ጤና ምርመራ እፈልጋለሁ» ካለ ምክንያቱን ሳይጠየቅ ይላካል። አለቃው የግድ ስኳድ ሊደሩ መሆን አያስፈልገውም። ሌሊት የሚከብደው ከሆነ 988 ደውሎ 1 ይጫን፣ የወታደሮች የቀውስ መስመር ነው።


ዳኝነት

እኔ ወደ ሕጉ። ልጁ «ብናገር ይብስብኛል» ያለው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» እየተባለ ያደገ ሰው አለቃን በጽሑፍ መክሰስ መድፈር ይመስለዋል። እዚያ አቤቱታ መብት ነው፤ ግን እያንዳንዱ በር የራሱ ቁልፍ አለው፣ የተሳሳተ በር የሚያንኳኳ ሰው ጊዜውን ይጨርሳል።

አይጂ፦ የሚሞላው ዲኤ ፎርም 1559 ነው። አይጂ አዛዥ አይደለም፣ አይቀጣም፣ ትእዛዝም አይሽርም። ጉዳዩን አጣርቶ ለአዛዡ ያቀርባል። ሌላ የይግባኝ መንገድ ያለውን ጉዳይ «መጀመሪያ በዚያ ሂድ» ብሎ ይመልሳል። ማንነትህን ለመጠበቅ ይጥራል፣ ፍጹም ዋስትና ግን አይሰጥም፤ ዘጠኝ ሰው ባለበት ስኳድ ውስጥ ደግሞ ጉልበቱን የታመመው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ «በስውር እናገራለሁ» ብሎ ሳይሆን «ቢታወቅም ጥበቃ አለኝ» ብሎ ይሂድ። በመስከረም 2025 የመከላከያ ሚኒስትሩ የአይጂና የእኩል ዕድል አቤቱታ አሠራር እንዲቀየር፣ ስም የለሽ አቤቱታም እንዲቀር አስታውቀዋል። ስለዚህ የድሮ ምክር ላይ ሳይመሠረት አሁን የሚሠራበትን ከቢሮው ይጠይቅ።

ጥበቃው ይህ ነው፦ 10 ዩኤስሲ 1034 የሚባለው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ። ወታደር ከአይጂ ወይም ከኮንግረስ አባል ጋር እንዳይገናኝ ማንም ሊከለክለው አይችልም። በተናገረው ምክንያት ማዕረግ ቢከለከል፣ መጥፎ ምዘና ቢጻፍበት፣ ያለአግባብ ቢዛወር፣ ወይም ይህን እናደርግብሃለን ተብሎ ቢዛትበት፣ በቀል ነው። የበቀል አቤቱታ ድርጊቱን ባወቀ በ1 ዓመት ውስጥ ለአይጂ ይቀርባል። መርማሪው አራት ነገር ይፈልጋል፦ ጥበቃ ያለው ንግግር ነበር? የሚጎዳ የአስተዳደር እርምጃ ተወሰደ ወይም ተዛተ? እርምጃ የወሰደው ሰው ንግግሩን ያውቅ ነበር? ንግግሩ ባይኖር እርምጃው ይወሰድ ነበር? ለዚህ ነው ከመናገሩ በፊት የነበሩት ጥሩ ወረቀቶች ወርቅ የሚሆኑት፦ ጥሩ ካውንስሊንግ፣ የፒቲ ውጤት፣ የምስጋና ወረቀት። ዛሬውኑ ይሰብስብ።

የዚያው ወታደራዊ ሕግ አርቲክል 138፦ ይህ ብዙ ሰው የማያውቀው ትልቁ በር ነው። ነገር ግን የሚቀርበው በአዛዥ ላይ ብቻ ነው። ስኳድ ሊደር አዛዥ ስላልሆነ በእሱ ላይ አይሠራም። የሚሠራው የካምፓኒው አዛዥ ተነግሮት «አልሰማም» ካለ ነው። መጀመሪያ ለአዛዡ በጽሑፍ «ይህ በደል ደርሶብኛል፣ ይህ ይስተካከልልኝ» ብሎ ይጠይቃል። አዛዡ በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መመለስ አለበት። እምቢ ካለ ወይም ካልመለሰ፣ በደሉን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ90 ቀን ውስጥ አቤቱታውን ለበላይ መኮንን ያቀርባል፤ ጥያቄው አዛዡ እጅ የቆየበት ጊዜ ከ90ው አይቆጠርም። አቤቱታው ጄኔራል ኮርት ማርሻል (ከፍተኛው ወታደራዊ ፍርድ ቤት) የመጥራት ሥልጣን እስካለው አዛዥ፣ በተለምዶ እስከ ዲቪዥኑ ጄኔራል፣ ይሄዳል። ለዚህ ነው የካምፓኒ አዛዦች ይህን ቁጥር ሲሰሙ ጆሯቸው የሚቆመው። ረቂቁን ሲጽፍ የጦር ጠበቃ ያግዘዋል፣ ክፍያ የለውም። የተለየ ይግባኝ ያላቸው ጉዳዮች፣ ለምሳሌ አርቲክል 15 ራሱ፣ በ138 አይታዩም።

አርቲክል 15 ከመጣበት ደግሞ በችኮላ አይፈርም። ከቲዲኤስ (የወታደሮች ተከላካይ ጠበቆች ቢሮ) ጠበቃ ጋር ለመነጋገር ጊዜ ይጠይቅ። ወታደሩ አልቀበልም ብሎ ኮርት ማርሻል የመጠየቅ መብት አለው፤ ይህ ትልቅ ውሳኔ ስለሆነ ያለ ጠበቃ አይወሰንም። በካምፓኒ ደረጃ ለስፔሻሊስት ጣሪያው አንድ ማዕረግ መቀነስ፣ የ7 ቀን ደመወዝ፣ 14 ቀን ኤክስትራ ዲውቲና 14 ቀን ከቦታ አለመውጣት ነው። ይግባኙ 5 ቀን ብቻ ነው ያለው።

አነጋገሩን መቀለጃ ማድረግ በብሔራዊ ምንጭ ላይ የተመሠረተ ትንኮሳ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በእኩል ዕድል ቢሮ፣ ኤምኢኦ በሚባለው፣ የሚታይ ነው። ማን ምን አለ፣ ማን ሰማ የሚለውን ቃል በቃል በእንግሊዝኛው ይጻፍ። «ሰደበኝ» ብሎ ማጠቃለል ምንም አይጠቅምም።

የኮንግረስ መንገድ የሚጠቅመው መልስ ሲጠፋ ነው። የሚመዘገብበት ስቴት ሴናተር ወይም ተወካይ ቢሮ የግል መረጃ የመልቀቂያ ፎርም ያስፈርመዋል፣ ጥያቄው በጦሩ የበላይ ቢሮ በኩል ወርዶ ክፍሉ በጽሑፍ እንዲመልስ ይደረጋል። ክፍሉ ይደነግጣል፣ ይመልሳልም። ነገር ግን የታችኛውን በር ሳይሞክር ከሄደ መልሱ «ወታደሩ ለአዛዡ አላመለከተም» የሚል ይሆናል።

ፈጽሞ የማይደረገው፦ ትእዛዝ አልቀበልም ማለት፣ በሳርጀንት ላይ መጮህ፣ ከፎርሜሽን መቅረት፣ ነገሩን በፌስቡክና በቲክቶክ ማውጣት። አርቲክል 91 ለሳርጀንት አለመታዘዝን፣ አርቲክል 92 ትእዛዝ መጣስን ይቀጣሉ። ትእዛዝ ሕጋዊ እንደሆነ ነው መጀመሪያ የሚገመተው። ትእዛዙን ፈጽም፣ ከዚያም አመልክት። ይህ የማይሠራው ትእዛዙ ራሱ ወንጀል ሲሆን ነው።


አባይ_ማዶ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ይህን ሁሉ ቁጭ ብለን እናነብበዋለን። ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ ንግግሩን በስልክ ቢቀዳስ? ሁለተኛ፣ ሳልጽፈው የቀረ፦ ስኳድ ሊደሩ ወንድሜን ራሱ ያላያቸውን መሣሪያዎች «ተረክቤያለሁ» ብሎ እንዲፈርም፣ መኪናውንም ሳያይ «ተፈትሿል» ብሎ እንዲሞላ ይጠይቀዋል።


ዳኝነት

መቅዳት እንደ ስቴቱ ይለያያል። ቴክሳስና ኖርዝ ካሮላይና ከተነጋጋሪዎቹ የአንዱ ፈቃድ ይበቃል፤ ዋሺንግተን ስቴትና ሜሪላንድ ሁሉም መፍቀድ አለባቸው፣ ያለፈቃድ መቅዳት ራሱ ወንጀል ነው። በዚያ ላይ ስልክ የተከለከለባቸው ክፍሎች አሉ። ጠበቃ ሳይጠይቅ አይቅዳ። ደብተር ይበቃዋል፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የተባለው ቃል፣ የነበሩ ሰዎች፤ በዚያው ምሽት የተጻፈ። የክፍሉን ሰነድ ወይም የሌሎች ወታደሮችን መረጃ ወደ ግል ኢሜይሉ እንዳይልክ።


ሰፕላይ_ሩም

ሁለተኛው ጥያቄ ከሁሉም የሚያስፈራው ነው፤ ስለ ፊርማ ማንም ዝም ማለት የለበትም።

የመኪና ፍተሻ የሚሞላው 5988-ኢ ላይ ነው። ያልታየን «ታይቷል» ብሎ መፈረም ሐሰተኛ ሰነድ ነው፣ አርቲክል 107 ውስጥ ይገባል፤ የሚጠየቀውም የፈረመው ሰው ነው። ያ መኪና ብሬኩ ላይ ችግር ይዞ መንገድ ቢወጣ ደግሞ ነገሩ ከወረቀት ያልፋል፣ ሰው ይሞታል። ጥያቄው ሲመጣ «ሳርጀንት፣ መኪናውን አይቼ አሁኑኑ ሞልቼ አመጣለሁ» ይበል፣ ዘይቱን፣ ጎማውን፣ የአየር ብሬኩን፣ መብራቱን ፈትሾ ያገኘውን ጉድለት ይጻፍ። ሲጨርስ ቀንና ሰዓት ይጻፍ። ሳያይ እንዲፈርም ከተገደደ አይፈርም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሞተር ሳርጀንቱ ወይም ወደ ፈርስት ሳርጀንቱ ይሂድ።

መሣሪያ መረከብ ዲኤ 2062 ላይ ነው። እያንዳንዱን ዕቃ በእጁ ይንካ፣ ተከታታይ ቁጥር ያለውን ከዕቃው ላይ አንብቦ ከወረቀቱ ጋር ያመሳክር። የመሣሪያ ሳጥን ከሆነ የውስጡን ዝርዝር ይጠይቅና አንድ በአንድ ይቁጠር፤ ሳጥኑ ተዘግቶ «ሙሉ ነው» ማለት የተለመደው ወጥመድ ነው፣ ምክንያቱም ሳጥኑ በአንድ መስመር ይጻፋል፣ የጠፋው ግን ውስጡ ያለው የብሎን መፍቻ ነው። የጎደለውን በጉድለት ዝርዝር ላይ አስጽፎ አስፈርሞ ብቻ ይፈርም። ኮፒውን ቤቱ ያስቀምጥ።

ዕቃ ጠፋ ተብሎ ፍሊፕል የሚባለው የንብረት ምርመራ ከተከፈተበት፣ መርማሪው «ይክፈል» የሚል አስተያየት ጽፎ በእጁ ሲሰጠው መልስ ለመጻፍ 7 ቀን አለው፤ በዚያው አገር በፖስታ ከተላከለት 15። መርማሪው የሚያሳየው የእሱ ቸልተኝነት ለመጥፋቱ ቀጥተኛ ምክንያት መሆኑን ነው፤ ስለዚህ መልሱ ላይ ዕቃውን መቼ እንደተረከበ፣ በየትኛው ቁልፍ እንደተዘጋ፣ ሌላ ማን ቁልፍ እንደነበረው ይጻፍ፣ የ2062ውን ኮፒና የምስክሮችን ቃል ያያይዝ። አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ወር መሠረታዊ ደመወዝ በላይ አይከፈልም፣ ግን ለስፔሻሊስት እሱም ብዙ ነው። ሊጋል አሲስታንስ (የጦሩ የሕግ ምክር ቢሮ) መልሱን በነጻ ያይለታል፣ ወረቀቱ እጁ በገባበት ቀን ይሂድ።

እስካሁን ሳያይ የፈረመው ካለ ነገ ጠዋት ዝርዝሩን ይዞ ቆጠራ ይጠይቅ። የጎደለ ከተገኘ በራሱ ጽፎ ቀን አድርጎ ለሰፕላይ ሳርጀንቱ ይስጥ። ከስኳድ ሊደሩ ጋር ያለው ነገር ሳይፈታ ወደ ሌላ ስኳድ ከተዛወረ ደግሞ ከመውጣቱ በፊት የፈረመበትን ሁሉ ከስሙ ማስነሣት አለበት፤ አለበለዚያ ዕቃው እዚያ ቀርቶ ዕዳው ይከተለዋል።